ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል፣ የትምህርት ቤታችን በር

ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። የትራፊክ ክበቡንም የምመራው እኔ ነኝ። የምናስተምረው በሁለት ፈረቃ ነው። የጠዋቱ ፈረቃ 6 ሰዓት ከሩብ ላይ ይለቀቃል፣ የከሰዓቱ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ይገባል። የከሰዓቶቹ ቀድመው ይደርሳሉ። የጠዋቶቹን ደግሞ ጨዋታ ይይዛቸዋል። ስለዚህ የሁለቱም ፈረቃ ልጆች አንዷ በራችን ላይ ይገጣጠማሉ። ከበሩ ፊት አስፋልት ነው። ባጃጁ፣ ሚኒባሱ፣ ሳይክሉ፣ አንዳንዴም አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ ይተላለፍበታል።

ከተማችን ሜዳ ስለሆነች ለሳይክል ትመቻለች። ከሩቅ ሰፈር የሚመጡ ልጆች ታናናሾቻቸውን ከኋላ አስቀምጠው ይመጣሉ። በየቀኑ የባጃጅ መክፈል ለማይችል ቤተሰብ አንድ ሳይክል ሁለት ልጅ ያስተምራል ማለት ነው።

አንድ ቀን የ6ኛ ክፍል ተማሪያችን የ2ኛ ክፍል እህቱን ጭኖ በሩ ጋ ሲደርስ፣ ዳር ከቆሙት ባጃጆች አንዱ ድንገት ወጣበት። ልጁ መሪውን ሲጠመዝዝ እህቱ ሚዛኗን ልትጠብቅ እግሯን ወደ ውስጥ ሰበሰበች። እግሯ የኋላ ጎማው ሽቦ ውስጥ ገባ። ጩኸቷን መምህራን ክፍል ሆነን ሰማነው። ስንደርስ ጫማዋ ጎማው ውስጥ ተወትፏል፣ ቁርጭምጭሚቷ ተልጧል። ወንድሟ ሳይክሉን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዞ «ቲቸር፣ እኔ አይደለሁም፣ እኔ አይደለሁም» ይላል። አንተ ነህ ያለው ሰው አልነበረም። ጤና ጣቢያ ወሰድናት። አጥንቷ አልተነካም፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

በማግሥቱ ስብሰባ ተጠራ። መጀመሪያ የቀረበው ሐሳብ «ሳይክል ይዞ መምጣት ይከልከል» የሚል ነበር። ቀጥሎ ደግሞ «ልጆቹ አይጠነቀቁም፣ በሰልፍ ላይ ምክር ይሰጣቸው» ተባለ። ሁለቱንም ተቃወምኩ። ሳይክሉን ብንከለክል ያቺ ልጅ በእግሯ ረጅም መንገድ ትመጣለች፣ ወይም ትቀራለች። ምክሩንም ከልብ ስንሰጥ ነው የኖርነው፤ ግራና ቀኝ ማየትን የማያውቅ ተማሪ የለንም። በፈረንጆች 1971 ኔዘርላንድስ ውስጥ ከ400 በላይ ሕፃናት በመኪና አደጋ ሞተው ነበር። ወላጆች አደባባይ ወጡ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት አገሪቱ ሕፃናቱን ከሳይክል ከማውረድ ይልቅ መንገዱን ለወጠች። ይህንን ስናገር አንዳንዱ «እኛ የእነሱ አቅም የለንም» አለኝ። እውነት ነው፣ የለንም። ግን በሩ የእኛ ነው።

ከስብሰባው በኋላ ወደ ዘበኛችን ሄድኩ። በዚያ በር ላይ ዕድሜያቸውን ያሳለፉ ሽማግሌ ናቸው፤ ስብሰባው ላይ ግን የጠራቸው አልነበረም። «ጋሼ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» አልኳቸው። «ልጆቹማ ይጠነቀቃሉ፣ መምህር። ግን ምን አይተው ይጠንቀቁ? ባጃጁ ጋርዷቸው!» አሉኝ።

በ6 ሰዓት ተኩል ፊሽካ ከያዘው ተማሪ ትራፊክ አጠገብ ቁጢጥ ብዬ አየሁ። ልክ ናቸው። ለእኔ ቆሜ ሳየው ወለል ብሎ የሚታየው አስፋልት ከሕፃን ቁመት ላይ ሲታይ ሰማያዊ የባጃጅ ሸራ ብቻ ነው። ሹፌሩም ልጁን የሚያየው አስፋልቱ ላይ ከወጣ በኋላ ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ከ8 ሜትር በላይ ይጓዛል። በ50 ሲሆን ወደ 14 ሜትር ይጠጋል። ሹፌሩ ፍሬን እስኪረግጥ የሚያልፈው ርቀት ይኼ ነው። ትንንሽ ልጆች ደግሞ መኪናው ቢታያቸው እንኳ ፍጥነቱን መገመት ይከብዳቸዋል። ይህ የዕድሜ ጉዳይ ነው፣ ቁጣም ምክርም አይለውጠውም።

ከባድ የመሰለኝ ባጃጆቹን ማስነሳት ነበር። ተራ አስከባሪው «ተሳፋሪው እዚህ ነው ያለው፣ የት እንሂድ?» አለ። እንጀራቸው ስለሆነ አልፈረድኩበትም። እጁን ይዤ በሩ ጋ ወሰድኩትና እሱም ቁጢጥ ብሎ እንዲያይ ለመንኩት። ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና «የእኔም ልጅ እዚሁ ነው የሚማረው» አለኝ። ተራው ከሱቆቹ ማዶ ዞረ። ተሳፋሪውም አልቀረባቸውም።

የኋላው በር በተሰባበረ ዴስክ ተዘግቶ ነበር። ወላጆች መጥተው ጠረጉት፣ ሳይክል አሁን በዚያ ብቻ ይገባል፣ ይወጣል። የፈረቃውን ክፍተት 20 ደቂቃ አደረግነው፤ ምሳ ሰዓታችንን ስለሚነካ መምህራን አጉረምርመዋል፣ ተስማምተናል። ከአንድ ሰፈር የሚመጡ እግረኞች ተጠራርተው ከትልልቆቹ ጋር እንዲመጡ አደረግን። ቅዳሜ ጠዋት ሜዳው ላይ በኖራ መስመር አስምረን ሳይክል ነጂዎቹን እናለማምዳለን፤ ፍሬን መፈተሽ፣ እጅ ማሳየት፣ በር ጋ ሲደርሱ ወርዶ መግፋት።

ከሁሉ ያስደሰተኝ ግን የተጎዳችው ልጅ አባት ያመጡት ነው። ቢጫ የዘይት ጀሪካን ለሁለት ሰንጥቀው ከኋላ ጎማው ግራና ቀኝ በሽቦ አሥረውታል። እግር ቢንሸራተትም ወደ ጎማው አይገባም። የዚያን ሰሞን ሌሎች ወላጆችም እያዩ ሠሩ። ታናሹን የሚጭን ተማሪ ሁሉ እንዲህ ያለ መከለያ እንዲያሠራ አሁን የክበቡ ደንብ ሆኗል።

ዜብራው በክረምቱ ዝናብ ደብዝዟል፣ ቀለም ለመግዛት ወላጆች እያዋጡ ነው። የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ግን ከእኛ አቅም በላይ ስለሆነ ደብዳቤ አስገብተን መልስ እየጠበቅን ነው። በሁለት ፈረቃ የምታስተምሩ ባልደረቦቼ፣ መውጫና መግቢያውን እንዴት እንደለያችሁት ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። የእኛ 20 ደቂቃ አሁንም ጠባብ ናት።