ቤት መገመት ስንማር

የከተማ መሬትና ንብረት አስተዳደር ነው የምማረው ስል ሰው ሁሉ ቶሎ የሚለኝ "አሃ ሪል እስቴት፣ ቤት ልትሸጪ ነው" ነው። ሽያጩም አለበት ግን ትምህርቱ ከዛ በጣም ይሰፋል፣ መሬቱ የማን ነው፣ ላዩ ላይ ያለው ቤት ስንት ያወጣል፣ ሰው ለልማት ሲነሳ ካሳው እንዴት ይሰላል፣ ኮንዶሚኒየም ላይ የውሃ ፓምፑ ሲቃጠል ማን ያሰራል፣ ሁሉም የኛ ነው።

ብዙ ልጆች ህጉን አይወዱትም፣ እኔ ደሞ በጣም የወደድኩት እሱን ነው። የ1967ቱን አዋጅ ቁጥር 47 ሳያነቡ አዲስ አበባን መረዳት የሚቻል አይመስለኝም። የከተማ ቦታ የመንግስት ሆነ፣ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ተባለ፣ ትርፉ ተወረሰ፣ ከተወረሰው ውስጥ ወርሃዊ ኪራዩ እስከ 100 ብር የሆነው ለቀበሌ ከዛ በላይ ያለው ኪራይ ቤቶች ለሚባለው የመንግስት መስሪያ ቤት ተሰጠ። የቀበሌ ቤት ሰፈር አድጌ ይሄን ያወቅኩት ክላስ ገብቼ ነው፣ ይገርማል እኮ።

ወደ ግመታ ስንመጣ ደሞ ነገሩ ይከብዳል። መምህሮቻችን መጀመሪያ የሚያስተምሩን ንብረት በገበያ ንፅፅር፣ በሚያስገባው ገቢ ወይ በመስሪያ ወጪው እንደሚገመትና ከሁሉም በላይ ሎኬሽን ዋጋ እንዳለው ነው። ሊዝ ጨረታ ላይ ይሄ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ በ2007 መርካቶ ላይ ለአንድ ካሬ ከ300 ሺህ ብር በላይ የሰጠ ተጫራች ነበር። ለልማት ተነሺ ሲሰላ ግን መሬት የመንግስትና የህዝብ ነው ስለሚባል የሚገመተው ቤቱ ነው፣ ማለትም ያንን ቤት ዛሬ መልሶ ለመስራት ስንት ይፈጃል ነው ጥያቄው። መርካቶ ጀርባ ያለ ጭቃ ቤትና ከተማ ዳር ያለ ጭቃ ቤት ግድግዳቸው እኩል ከሆነ የቤቱ ካሳ ይቀራረባል ማለት ነው።

ይሄ ወረቀት ላይ ሲነበብና ሰው ቤት ሲገባ አንድ አይደለም። ለፊልድ መሃል ከተማ አንድ ግቢ ገብተን ሜትር ዘርግተን ስንለካ ነበር፣ ፎርሙ ላይ ግድግዳ፣ ጣሪያ፣ ወለል፣ ኮርኒስ፣ አጥር፣ ሽንት ቤት የሚል አለ። የቤቱ ባለቤት እናት በራቸው ላይ እንጀራ ይሸጣሉ፣ ዝም ብለው ሲያዩን ቆይተው "ልጄ፣ በሬን የት ላይ ፃፍሽው?" አሉኝ። የብረት በር፣ ስፋቱ ምናምን ብዬ ፅፌዋለሁ አልኳቸው። "እሱን አይደለም፣ የምሸጥበትን ነው" አሉኝ። እዛ ፎርም ላይ እሱ የሚገባበት ቦታ አልነበረም። ያ ደጅ ታክሲ መውረጃ ስለሆነ ነው እንጀራቸው የሚሸጠው፣ እና ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ እንጀራ ማን ይገዛቸዋል?

በ2011 የወጣው አዋጅ 1161 ለኢኮኖሚ ጉዳት፣ ለማህበራዊ ትስስር መቋረጥና ለስነ ልቦና ጉዳትም ካሳ አስገብቷል፣ ይሄ ትልቅ እርምጃ ነው ብዬ አምናለሁ፣ ጎረቤትና እድር ዋጋ እንዳለው በህግ መፃፉ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ህጉ መኖሩ ብቻውን አይበቃም፣ የሚለካው ልጅ ጠይቆ ካልመዘገበው ተነሺውም መብቱን ካላወቀ የዛ ደጅ ገቢ የትም አይገባም። ለዚህ ነው ይሄን ዲፓርትመንት ሊመርጡ ላሰቡ ልጆች ካልኩሌሽኑንም አውቶካድ የሚባለውን የፕላን መሳያ ሶፍትዌርም ተማሩ ግን ሰው ማናገርም ተማሩ የምለው። አሁን ደሞ በ2017 የማይንቀሳቀስ ንብረት ግመታን የሚመለከት አዋጅ ስለወጣ ገማችነት ራሱን የቻለ ሙያ እየሆነ ነው፣ ስራው አለ።

የመመረቂያ ፅሁፌን ከመሃል ከተማ ተነስተው ዳር የገቡ ሰዎች ገቢያቸው ምን ሆነ በሚል ልሰራው ነው። ቤተሰባችሁ ተነስቶ የሚያውቅ ካላችሁ ሲለካ ምን እንደተመዘገበና ምን እንደቀረ ፃፉልኝ፣ ስም አልጠቅስም።