የደብረ ብርሃን ማኅተም

ዛሬ ከላምበረት ወደ ደብረ ሲና ስሄድ ደብረ ብርሃን ላይ ወረድኩ። ቦርሳዬ ውስጥ አራት የገና ፖስት ካርዶች አሉ። አውቶቡስ ውስጥ ስለጻፍኳቸው ፊደሌ ሸኖ አካባቢ ተንቀጥቅጧል።

«እባክሽ እህቴ፣ ማኅተሙ ላይ የከተማው ስም እንዲነበብ እፈልጋለሁ» አልኳት የፖስታ ቤቷን ሠራተኛ።

ቀና ብላ አየችኝ። ማኅተሙን ቀለም አስነክታ ቁራጭ ወረቀት ላይ ሞከረችው። ደበዘዘ። በጨርቅ ጠረገችው። እንደገና ሞከረች። በሦስተኛው «ደብረ ብርሃን» ጥርት ብሎ ወጣ። ካርዶቼን የነካችው ያኔ ነው። አንድ በአንድ የቴምብሩን ጠርዝ ብቻ እያስነካች መታች፤ ቀለሙ እንዳይፈስ እፍ እፍ አለችበት። ከኋላዬ የቆሙ አባት «ቀስ በይ ልጄ፣ እኛ እንጠብቃለን» አሏት። ደስ አለኝ።

በስልክ አንድ «እንኳን አደረሳችሁ» ለመቶ ሰው በአንዴ ይሄዳል። እኔም እልካለሁ። ካርድ ግን የተነሳበትን ከተማና ቀን ይዞ ነው የሚጓዝ። በምኒልክ ዘመን፣ በፈረንጆቹ 1894፣ የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮቻችን ፓሪስ ታትመው ሲመጡ የተጀመረ ነገር፣ ዛሬም በአንዲት ሴት እጅ እንዲህ በጥንቃቄ ይሠራል።

አንዷ ካርድ የአክስቴ ናት፣ ሐዋሳ። ሳጥኗን ስትከፍት ከስሜ በፊት ማኅተሙን እንደምታነብ አውቃለሁ። እሷ እንደዚያ ናት።

አሁን ጣርማ በር ደርሰናል። ጉም ነው።