ለልጄ ፕሌይስቴሽን ስገዛ፦ መጀመሪያ የጠየቅሁት ስለ ማሽኑ አልነበረም

ፕሌይስቴሽን ሊገዛ ያሰበ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው «ፒኤስ 4 ይሻላል ወይስ ፒኤስ 5?» ከሚለው ነው። እኔ የጀመርኩት ጌሙን ከየት ነው የማመጣለት ብዬ ነው። ማሽን አንዴ ይገዛል፤ ጌም በየጊዜው ይገዛል። ልጄ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ሰፈር ያለው ጌም ቤት ጎራ ሳይል አይገባም። ቤት ውስጥ ዓይኔ ሥር ቢጫወት ይሻላል ብዬ ስወስን ስለዚህ ነገር የማውቀው ከስሙ ሌላ እምብዛም አልነበረም።

ስለዚህ ሱቅ ከመሄዴ በፊት እዚያው ጌም ቤት ገባሁ። ሱቁን የሚያስተዳድረው ልጅ መጀመሪያ ልጄን ልቆጣ የመጣሁ መስሎት ደንግጦ ነበር። «ማሽን ልገዛ ነው፣ ምክር ፈልጌ ነው» ስለው ወንበር ሳበልኝ። እውነቱን ለመናገር በዚህ ከተማ ስለ ፕሌይስቴሽን ከእሱ የተሻለ አማካሪ ያለ አይመስለኝም፤ ሻጭ ማሽኑን ሸጦ ይገላገላል፣ ጌም ቤት ያለው ሰው ግን ሲበላሽ አብሮት ይኖራል። ቶሎ የሚሄደው ጆይስቲኩ ነው አለኝ፤ ጣት ሳያርፍበት ተጫዋቹ ብቻውን መራመድ ይጀምራል። ቀጥሎ የሲዲ ማንበቢያው፣ ከዚያ ገመዱ ሲነቀልና ሲሰካ የሚላላው የኤችዲኤምአይ መሰኪያ፣ ከዚያ አቧራ የሚጠጣው ፋን።

«እትዬ፣ ጌም ቤት የሠራ ማሽን እንዳይገዙ» አለኝ በመጨረሻ። «ከጠዋት እስከ ማታ ነው የሚነደው። እንደኔ እንደኔ የኔንም ልሽጥልዎ ብል አይግዙኝ።»

ወደ ጌሙ ልመለስ። እኛ አገር ጌም በሦስት መንገድ ነው ቤት የሚገባው፤ ሦስቱም የሚፈልጉት ማሽን ይለያያል።

አንደኛው ሃክ የተደረገ፣ ማለትም የሠሪው የሶኒ ቁልፍ ተሰብሮ ያልተገዛ ጌም እንዲያጫውት የተደረገ ፒኤስ 4 ነው። መርካቶም ቦሌም የገባሁበት ሱቅ ሁሉ መጀመሪያ ያቀረበልኝ እሱን ነው። «እህቴ፣ ይሄኛው ጌሙ ሞልቶልሻል፤ ሲዲ ምናምን ውስጥ አትገቢም» ይላሉ። ነገሩ ያማልላል። አሠራሩን ስጠይቅ ግን ሌላ ነው። ሃክ የሚሆነው ሶፍትዌሩ አንድ ቁጥር ላይ የቆመ ማሽን ነው፤ በ2021 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) የወጣው 9.00 በጣም የታወቀው ነው። ጌሞቹ ተቀድተው ሃርድ ዲስኩ ላይ ይጫናሉ። ከዚያ በኋላ አፕዴት ማድረግ አይቻልም፣ ካደረጋችሁት ሃኩ ይጠፋል። የሶኒ ኔትወርክ ውስጥ ገብቶ ከሌላ ሰው ጋር መጫወትም የለም፤ ከተደረሰበት ማሽኑ ራሱ ይታገዳል። ከሁሉም የገረመኝ ይህ ነው፦ ሃኩ ማሽኑ ሙሉ በሙሉ በጠፋ ቁጥር እንደገና መሠራት አለበት። መብራት በሚመላለስበት ሰፈር ይህ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። የሰው ድካም በነፃ መውሰድ መሆኑም አለ፤ ልጄን «አትስረቅ» እያልኩ ላሳድገው ደግሞ ይህን ቤት ማስገባት አልፈለግኩም።

ሁለተኛው በኢንተርኔት እየገዙ ማውረድ ነው። የፕሌይስቴሽን አካውንት ስትከፍቱ አገር ምረጡ ይላል፤ ከዝርዝሩ ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። ሰው የሚያደርገው የአሜሪካ ወይም የዱባይ አካውንት ከፍቶ በስጦታ ካርድ መግዛት ነው። ካርዱ ከአካውንቱ አገር ጋር መግጠም አለበት፤ የዱባይ ካርድ ለአሜሪካ አካውንት አይሠራም። ሜሪላንድ ያለው ወንድሜ ኮዱን በቴሌግራም ሊልክልኝ ይችላል፣ እሱ አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ መጠኑ ነው። አንድ የኳስ ጌም አርባና ሃምሳ ጊጋ ይሆናል፣ የተኩሶቹ መቶም ያልፋሉ፤ በሞባይል ጥቅል ይህን ማውረድ የጌሙን ዋጋ ሁለት ጊዜ እንደመክፈል ነው። ደግሞም የወረደ ጌም ሲሰለች አይሸጥም፣ ለጓደኛ አይዋስም።

ሦስተኛው ሲዲ ነው፣ እኔም የመረጥኩት ይህን ነው። ሲዲ ይገዛል፣ ይለወጣል፣ ይሸጣል። ልጄና ጓደኞቹ አራት ሲዲ ካላቸው አራቱም ቤት አራት ጌም አለ ማለት ነው። የፒኤስ 4ም የፒኤስ 5ም ሲዲ አገር አይመርጥም፤ ከዱባይ የመጣው ከአሜሪካ በመጣው ማሽን ላይ ይሠራል። ልብ ማለት ያለባችሁ በጌሙ ውስጥ ለብቻው በገንዘብ የሚገዛውን ተጨማሪ ነገር ነው፤ እሱ ሲዲው ከተሠራለት አገር አካውንት ጋር መግጠም ይፈልጋል።

ይህ ከተወሰነ በኋላ የማሽኑ ምርጫ ራሱን በራሱ አጠበበ። ሲዲ የማይገባባቸው በሙሉ ወጡ፦ ዲጂታል የሚባለው ፒኤስ 5፣ ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስ። (በ2023 መጨረሻ የወጣው ቀጭኑ ዲጂታል ፒኤስ 5 የሲዲ ማንበቢያ ለብቻው ተገዝቶ ይገጠምለታል፤ መጀመሪያ ሲገጠም ኢንተርኔት ይፈልጋል።) ኤክስቦክስ በራሱ ጥሩ ማሽን ነው፤ በሰፈራችን ግን ሲዲ የሚያለዋውጠው ልጅ አላየሁም። ኒንቴንዶ ስዊች በእጅ ተይዞ በባትሪ ስለሚሠራ መብራት ሲጠፋ ያምራል፣ ልጄ ግን የሚፈልገው ከጓደኞቹ ጋር ኳስ ነው።

የቀሩት ፒኤስ 4 እና ባለ ሲዲው ፒኤስ 5 ናቸው። ወንድሜ «እኔ ፒኤስ 5 ልላክለት» ብሎ ነበር። ከአሜሪካ የሚመጣ ማሽን እኛ ቤት ይቃጠላል የሚል ወሬ አለ፤ ምንጩ የድሮው ዘመን ነው፣ ከአሜሪካ ከሚመጡት የቀድሞ ፒኤስ 2ዎች መካከል 120 ቮልት ብቻ የሚሉ ነበሩ። አሁን ማሽኑ ላይ የተለጠፈውን ማንበብ ነው፤ 100-240 ካለ የእኛን 220 ይችላል፣ ሶኬቱን ብቻ መለወጥ ነው። እኔን ያስተወኝ ዋጋው ነው። ፒኤስ 5 በ2020 ሲወጣ ባለ ሲዲው 499 ዶላር ነበር፤ እንደ ሌላው ዕቃ እየቆየ ይረክሳል ሲባል በነሐሴ 2025 እዚያው አሜሪካ በ50 ዶላር ተጨመረበት። በእኛ ብር ደግሞ ከሐምሌ 2024 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ያለውን ማንም ያውቀዋል። ቴሌቪዥናችን ፎርኬ አይደለም፣ የፒኤስ 5 ጥራት ግማሹ እኛ ቤት አይታይም። የ2025ቱ የኳስ ጌም ኤፍሲ 26 እንኳ ለፒኤስ 4 ወጥቷል። ወንድሜን በእሱ ፋንታ ሲዲ እንዲልክ ነገርኩትና ያገለገለ ፒኤስ 4 ስሊም፣ ቀጭኑን ማለት ነው፣ ፍለጋ ገባሁ።

አሁን ዋናው ነገር፣ አፈታተሹ። ሱቅ ስሄድ ሦስት ነገር ይዤ ነበር፦ ከጌም ቤቱ ልጅ የተዋስኩት ሲዲ፣ ባለ ገመድ የጆሮ ማዳመጫ፣ ኢንተርኔት የሞላሁበት ስልኬ። ሻጩ ማሽኑን አብርቶ ሜኑውን አሳየኝና «ይኸው፣ እየሠራ ነው» አለ። ሜኑ መምጣቱ ስለ ማሽኑ የሚነግራችሁ ነገር ጥቂት ነው። እኔ ቡና አዘዝኩና ወንበር ላይ ተደላድዬ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ገልብጬ ከታች ያለውን ጽሑፍ አነበብኩ። ስሊም ከሆነ ሞዴሉ «ሲዩኤች-2» ብሎ ይጀምራል፤ «ሲዩኤች-1» ካለ ወፍራሙ የድሮው ነው፣ «ሲዩኤች-7» ካለ ፕሮ የሚባለው ጉልበተኛው ነው። ካርቶን ካለው በካርቶኑ ላይ ያለው ሴሪያል ቁጥር ከማሽኑ ጋር አንድ መሆን አለበት። አንዱ ሱቅ ሁለቱ የተለያየ ሆኖ አግኝቼ አመስግኜ ወጥቻለሁ።

ከዚያ ሲዲውን አስገባሁ። ገብቶ አውጣው ስለው ይወጣል ወይ? እንደገና ሳስገባው ያነበዋል ወይ? የሚያንገጫግጭ ድምፅ አለ ወይ? ጌሙ ከሲዲው ወደ ሃርድ ዲስክ እስኪገለበጥ መጠበቅ አሰልቺ ነው፤ ደካማ ማንበቢያ የሚጋለጠው ግን እዚያ ላይ ነው፣ መሐል ላይ ይቆማል። ሻጩ ትዕግሥቱ አለቀ፤ «እህቴ፣ ሌላ ሰው እየጠበቀ ነው እኮ» አለኝ። «ይጠብቅ ወንድሜ፣ ብሩን ቆጥረህ ነው የምትቀበለኝ፣ እኔም ዕቃውን ቆጥሬ ልቀበልህ» አልኩት። ሳቀና ተወኝ።

ጌሙ ሲጀምር እስኪሞቅ ድረስ አጫወትኩት፤ ማለቴ እዚያው የነበረ ጎረምሳ ተጫወተልኝ። ፋኑ ድምፁን ከፍ ማድረጉ ያለ ነው፤ እንደ ፀጉር ማድረቂያ የሚጮኽ ከሆነ ወይም በሙቀት ከጠፋ አይወሰድም። የኤችዲኤምአዩን ገመድ በቀስታ ነካ አደረግኩት፣ ምስሉ ሲቆራረጥ ካያችሁ መሰኪያው ላልቷል። ጆይስቲኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ እጄን አነሣሁ፣ ተጫዋቹ ባለበት ቆመ። ቁልፎቹን ሁሉ አንድ በአንድ አስነካሁ፣ የጆሮ ማዳመጫውን ሰካሁበት፣ መሐል ያለውን የጣት ሰሌዳ ሞከርኩ። ኮፒ ጆይስቲክ ገበያው ላይ ሞልቷል፤ ብዙ ጊዜ የሚከዳው እነዚህ ሁለቱ ላይ ነው።

የመጨረሻው ፈተና ኢንተርኔት ነው፣ ሻጮች የማይወዱትም እሱን ነው። ስልኬን ሆትስፖት አድርጌ በራሴ አካውንት ገባሁ። ከገባ ማሽኑ አልታገደም። የድሮው ባለቤት አካውንት እዚያው ተቀምጦ ስለነበር ሻጩን ደምስሶ ከዜሮ እንዲያስጀምረው አደረግኩ። ቤት ስገባ ያደረግኩት የመጀመሪያ ነገርም ሶፍትዌሩ የመጨረሻው መሆኑን ማረጋገጥ ነው። በማሽኑ ውስጥ የሰዓት ባትሪ አለ፤ ከ2021ዱ አፕዴት በፊት ያ ባትሪ ከሞተና ኔትወርክ ከሌለ ጌም አልከፍትም የሚል ችግር ነበረበት። በወረቀት ላይም ሴሪያል ቁጥሩን የያዘ ደረሰኝና የአጭር ጊዜ ዋስትና አጻፍኩ። ያገለገለ ዕቃ ላይ ዋስትና የለም ይሏችኋል፤ ጠይቁ፣ ብዙዎቹ ይሰጣሉ።

ከማሽኑ ዋጋ ላይ ለስታቢላይዘር የሚሆን ቀንሱ። ተራ ዲቫይደር ላይ መሰካት መብራቱ ተመልሶ ሲመጣ በኃይል የሚገባውን አይመክትም። ልጄን ያስተማርኩት ደግሞ የመብራቱን ቀለም ነው፦ ብርቱካናማ ከሆነ ማሽኑ ተኝቷል እንጂ አልጠፋም፤ እንደዚያ እያለ መንቀል መብራት እንደጠፋበት ይቆጥረዋል፣ ሃርድ ዲስኩንም ይጎዳል። ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ ነው የሚነቀለው። ቦታውም የቴሌቪዥን ቁም ሣጥን ውስጥ ሳይሆን አየር የሚያገኝበት ነው። በቴሌቪዥናችሁ ሴቲንግ ውስጥ «ጌም ሞድ» የሚል ካለ አብሩት፤ ልጄ «ኳሱ ዘግይቶ ነው የሚመታው» ይል የነበረው በዚያ ተስተካከለ።

በሳምንቱ ጂቲኤ የሚባለው የወንጀልና የተኩስ ጌም ይገዛልኝ መጣ። የሲዲው ሽፋን ላይ ያለው ቁጥር ዕድሜ ነው፤ የአውሮፓው 3፣ 7፣ 12፣ 16፣ 18 ይላል፣ የአሜሪካው በፊደል ነው። ጂቲኤ 18 ነው። «እማ፣ ሁሉም እኮ ይጫወቱታል!» «ሁሉም የኔ ልጆች አይደሉም» አልኩት። የልጁን አካውንት በእኔ ሥር ከፍቼ ስለነበር በቀን ስንት ሰዓት እንደሚጫወት ከስልኬ እወስናለሁ፤ ሰዓቱ ሲሞላ ማሽኑ ራሱ ይነግረዋል፣ የጭቅጭቁ ግማሽ ከእኔ ላይ ወረደ። በኢንተርኔት ከሌሎች ጋር መጫወት ከፈለገ ለተገዙ ጌሞች ፕሌይስቴሽን ፕላስ የሚባል ክፍያ አለ፤ እንደ ኢፉትቦል ያሉ በነፃ የሚገኙት አይጠይቁትም፣ ለአሁኑ በእሱ ተስማምተናል።

ቀጣዩ ወጪ ሁለተኛ ጆይስቲክ ነው፤ ኦሪጅናሉን ወንድሜ ሰው ሲመጣ ይልካል። ፒኤስ 5 የምንገዛበት ቀን ከመጣም የሰበሰብናቸው የፒኤስ 4 ሲዲዎች ከጥቂቶች በቀር እዚያ ላይ ይሠራሉ፤ ያን ጊዜም ሱቅ ገብቼ የምጠይቀው ሲዲ ያለውን ነው።