ለአንዲት ጀሪካን ስንት ሜጋኸርዝ?

ደሴ፣ እማዬ ቤት ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ብዙ ጊዜ ሌሊት። ቧንቧው ማፏጨት ሲጀምር ተነስታ ባልዲ ትደረድራለች። እኔ ኮምቦልቻ ቁጭ ብዬ ኤሌክትሮኒክስ እነካካለሁ፣ እሷ ውኃ ስትጠብቅ ታድራለች። ይሄማ አይሆንም አልኩ። ቧንቧው ሥር የተቆረጠ ጀሪካን አስቀመጥኩ፤ ውስጧ ያለችው ተንሳፋፊ ስዊች ከፍ ስትል ስልኳ እንዲጠራ።

መጀመሪያ የመረጥኩት ኢኤስፒ32ን ነው፣ ፕሮግራም የሚጻፍበት ትንሽ የኮምፒውተር ቺፕ። ጉራ ነዋ! ሁለት ኮር (ማስሊያ)፣ 240 ሜጋኸርዝ ፍጥነት፣ ዋይፋይ፣ ብሉቱዝ፣ ያ ሁሉ ለአንዲት ስዊች። ከአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ ያወጣሁትን 2000 ሚሊአምፒር ሰዓት ገደማ የሚይዝ ሴል ሰጠሁት። ዋይፋዩ በርቶ በአማካይ 100 ሚሊአምፒር ቢበላ 20 ሰዓት ነው። በማግስቱ ሞቶ አገኘሁት። ቺፑ ብቻውን በጥልቅ ሲተኛ ወደ 10 ማይክሮአምፒር (የአንድ ሚሊአምፒር መቶኛ) ይወርዳል፣ እውነት ነው፣ ግን ቦርዱ ላይ ያሉት ቮልቴጅ አስተካካዩ ሬጉሌተርና ቀይዋ መብራት መች ይተኛሉ? ደግሞስ መብራት ሲሄድ የቤቱ ዋይፋይ አብሮ ይሄድ የለ! ይህን አስቀድሜ አለማሰቤ እስካሁን ያናድደኛል።

አሁን ያለው ኤቲሜጋ328ፒ ነው። አርዱይኖ ኡኖ የሚባለው የጀማሪዎች ቦርድ ቺፕ፣ ግን ያለ ቦርዱ፣ ባለ 28 እግሩ ብቻውን። ራሙ (ጊዜያዊ ማስታወሻው) 2 ኪሎባይት ነው። ለኔ ኮድ ይተርፈዋል። በውስጡ ባለው የ8 ሜጋኸርዝ ምት ስለሚሠራ ከውጭ ምት የሚሰጠው ክሪስታል አያስፈልገውም፣ ከሴሉ በቀጥታ ይመገባል፣ ሲተኛ ከ1 ማይክሮአምፒር በታች ነው፣ ስዊቿ ስትነካው ብቻ ይነቃል። የቺፕ መሰኪያ ላይ ስለሰካሁት ቢቃጠል ነቅሎ መቀየር ነው።

ያንገበገበኝ የሚደውለው ሲም800ኤል ነው፣ ሲም ካርድ የሚገባበት የስልክ ሞጁል። ኔትወርክ ሲይዝ ለቅጽበት እስከ 2 አምፒር ይስባል፣ ቮልቴጁ ይወርድና ጠፍቶ ይነሳል። አንድ ሳምንት ሙሉ ኮዱን ስበረብር ከረምኩ። ለካ ጥፋቱ የቀጫጭን ጃምፐር ሽቦዎቼ ነው። በአጭርና ወፍራም ሽቦ ቀየርኩ፣ አጠገቡ ለዚያች ቅጽበት ኃይል የሚያጠራቅም ትልቅ ካፓሲተር ጨመርኩ፣ እስኪፈለግ ድረስም በሞስፌት (በኤሌክትሮኒክ ማብሪያ ማጥፊያ) ዘጋሁት።

ልጆች «የቱን ልግዛ?» ሲሉኝ፣ መጀመሪያ ከምን እንደሚመገብና ለማን እንደሚናገር ንገሩኝ እላለሁ። የግድግዳ ሶኬትና ዋይፋይ ካለ ኢኤስፒ32 ግዙ፣ አልከራከርም።

ባለፈው ሳምንት ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ደወለ። እማዬ ስልኳን ድምፅ አጥፍታ ተኝታለች። አሁን ለኔም ይደውላል፣ እኔ ደግሞ ለጎረቤቷ።