የወንፈል ቀንና የዱርካይም ሕግ፦ ከአጫጭር ጽሑፎቼ የተማርኩት

በደብረ ማርቆስ በቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብር ሶሲዮሎጂ መማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። በዚህ መንፈቅ ዓመት የቀደሙትን የሶሲዮሎጂ ሊቃውንት ሐሳብ በአካባቢያችን ኑሮ ላይ እየሞከሩ የሚተቹ፣ ከአራት ገጽ የማይበልጡ ጽሑፎች እንድናዘጋጅ ታዘን ነበር። ሁለቱን አስረክቤአለሁ። ይህን የምጽፈው በዚሁ ትምህርት ላይ ላላችሁ ጓደኞቼ ነው፤ እኔን ብዙ ሳምንት ያስከፈለኝ ስሕተት እናንተንም እንዳያደክማችሁ እፈልጋለሁ።

የመጀመሪያው ጽሑፌ ስለ ኤሚል ዱርካይም ነበር። ሦስቱን ገጽ ሐሳቡን በማብራራት ከጨረስኩ በኋላ በአራተኛው ላይ ሊቁ አውሮፓዊ እንደ ነበረ፣ የገበሬን ኑሮ በቅርብ እንዳላየ፣ ዘመኑም እንዳለፈበት ጽፌ ትችት ያቀረብኩ መሰለኝ። መምህራችን ወረቀቱን ሲመልሱልኝ በኅዳጉ ላይ «ይህ ስለ ሰውየው ነው፤ ስለ ሐሳቡ የተናገርኸው የቱ ጋ ነው?» ብለው ጽፈውበት ነበር። ጥያቄው ለብዙ ቀን ከአእምሮዬ አልወጣም።

ዱርካይም በ1893 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሥራ ክፍፍልን በሚመለከተው መጽሐፉ ኅብረተሰብን የሚያያይዙ ሁለት ዓይነት ትስስሮች አሉ ይላል። ሰዎች በሥራም በእምነትም ሲመሳሰሉ የሚፈጠረውን መካኒካዊ፣ ሥራቸው ተለያይቶ አንዱ ያለ ሌላው መኖር ሲያቅተው የሚፈጠረውን ደግሞ ኦርጋኒካዊ ብሎ ይጠራዋል። ትስስር በዓይን ስለማይታይ ምልክቱን በሕግ ውስጥ ይፈልገዋል፤ መመሳሰል በሚገዛበት ኅብረተሰብ የጋራውን ኅሊና የደፈረውን የሚቀጣ ሕግ ያመዝናል፤ የሥራ ክፍፍል በሰፋበት ደግሞ የተጓደለውን የሚያስመልስ ሕግ ይበዛል። ለእኔ የጽሑፉ ቁልፍ ይህ ሆነ፤ ምክንያቱም ሐሳቡ ራሱን ለፈተና የሚያጋልጠው እዚህ ላይ ነው።

ባለፈው ኅዳር ጎዛምን ውስጥ የአጎቴ ጤፍ በወንፈል ሲታጨድ አብሬ ዋልኩ። ሰባት ሰዎች ጎሕ ሲቀድ ማጭዳቸውን ይዘው መጡ፤ ስምንተኛው ግን ቀረ። ቁርስ ላይ ስለ እሱ ሲነሣ አጎቴ «ወገቡን አሞታል፤ ቀኑ እሱ ላይ አለ» ብለው አለፉት። ከአራት ቀን በኋላ ሰውየው ብቻውን መጥቶ ነዶ ሲሸከምና ሲከምር ዋለ። ማንም አልነቀፈውም፤ ከወንፈሉም አልተወገደም፤ የጎደለው ቀን በቀን ተከፈለ፣ ነገሩም በዚያው አበቃ። በደቦ ቢሆን ኖሮ ደጋሹ አብልቶና አጠጥቶ ስለሚያሠራ ሒሳቡ እንዲህ ጥብቅ ባልሆነ ነበር። እንግዲህ ሁሉም አራሽ፣ ሁሉም በአንድ እምነት በሆነበት ቀበሌ ያየሁት ቅጣትን ሳይሆን ጉድለትን ማስመለስን ነው።

ይህን ይዤ ጽሑፉን እንደገና ስጽፍ «ዱርካይም ተሳስቷል» ብዬ ደመደምኩ፤ እዚህም ላይ ቸኮልኩ። እሱ የሚያወራው የሁለቱ ሕጎች መጠን እንዴት እንደሚለዋወጥ እንጂ አንዱ ፈጽሞ እንደማይገኝ አይደለም። ስለዚህ አንድ ወንፈል ሐሳቡን አያፈርሰውም። የወንፈሉ ምስክርነት የሚረዳው ሌላ ጥያቄ ሲነሣ ነው፦ ዱርካይም ሚዛኑን የሠራው በጽሑፍ ከተያዙ ሕጎች ስለሆነ፣ ከመዝገብ ውጭ በገበሬዎች መካከል የሚኖረው የመመላለስ ሥርዓት ከሚዛኑ ሳይገባ ቀርቶ ይሆን? ብሮኒስላው ማሊኖውስኪ የትሮብሪያንድ ደሴቶችን ልማድ አጥንቶ በ1926 እ.ኤ.አ. በጻፈው መጽሐፍ ተመሳሳይ ነገር እንደ ተናገረ ሳነብ፣ ሐሳቡ ከእኔ በፊት የነበረ በመሆኑ አላዘንኩም፤ እንዲያውም በትክክለኛው መንገድ ላይ እንደ ነበርኩ አረጋገጠልኝ። የተሻለ ውጤት ያገኘሁትም በዚህ ቅጂ ነው።

ሁለተኛውን ስለ ካርል ማርክስ ስጽፍ ነገሩ ቀለለኝ። ማርክስ በ1852 እ.ኤ.አ. ስለ ፈረንሳይ ሲጽፍ አነስተኛ መሬት ያላቸውን ገበሬዎች በጆንያ ውስጥ እንዳለ ድንች ይቆጥራቸዋል፤ ኑሯቸው አንድ ዓይነት ቢሆንም የአመራረታቸው መንገድ እርስ በርስ ስለሚለያያቸው በአንድነት መቆም አይችሉም ይላል። እኔ ከዚህ ጎን ያቀረብኩት የ1960 ዓ.ም.ን የጎጃም ገበሬዎች አመፅ ነበር። አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር በመቃወም ከልዩ ልዩ አውራጃ የተነሡት ገበሬዎች ጦር ቢዘምትባቸውም በቀላሉ አልተበተኑም፤ በመጨረሻም መንግሥት ጠቅላይ ገዥውን ለማንሣት ተገደደ። በዚህ ጊዜ ትችቱን ያነጣጠርኩት በማርክስ ማንነት ላይ ሳይሆን ባቀረበው ምክንያት ላይ ነው፦ ርስት በአባትም በእናትም ይቆጠር ስለ ነበር አንድ ገበሬ በብዙ ስፍራ ዘመድና ተከራካሪ ነበረው፤ ማኅበሩና ወንፈሉም በየጊዜው ያገናኙት ነበር፤ ስለዚህ ተመሳሳይ አመራረት የግድ መነጣጠልን አያስከትልም። ግን አመፁን ያስነሣው ይህ ትስስር ነው ብዬ አልጻፍኩም፤ ለዚያ ማስረጃ አልነበረኝም፤ መምህራችንም ያንን ዐረፍተ ነገር አስምረውበት «መልካም» ብለውኛል።

አሁን በማክስ ቬበር የባሕላዊ ሥልጣን ሐሳብ ላይ ነኝ፤ ይኸውም ሰዎች አንዳንዱን የሚታዘዙት የቆየውን ልማድ አክብረው ነው የሚለው ነው። ሽምግልናን ለመፈተኛ መርጫለሁ፤ ነገር ግን ሽማግሌው የሚደመጠው በዕድሜው ነው ወይስ ነገር በመዳኘት ባስመዘገበው ስም የሚለውን ገና አልለየሁም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከክፍል በኋላ ወደ አጎቴ ወርጄ፣ ባለፈው ዓመት በድንበር የተጣሉትን ሁለት ጎረቤታሞች ያስታረቁት ሦስት ሰዎች እንዴት እንደ ተመረጡ እጠይቃቸዋለሁ።