በክረምት ተሳቢ ቤት ጎትቶ ወንጪ መሄድ፦ ከጭቃው በላይ ያቃጠለኝ ወረቀቱ

ይሄን የምጽፈው ቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው። ሚስቴ "ተወው ባክህ፣ አለፈ እኮ" ትለኛለች፣ እኔ ግን አላለፈልኝም። ሰው ሁሉ ያስፈራራኝ በጭቃ፣ በዳገት፣ በጅብ ነበር፣ ከነሱ አንዱም ይሄን ያህል አላስቸገረኝም። ያቃጠለኝ ለተሳቢዋ ሰሌዳ ማውጣቱ ነው። መንገድ ላይ ያጋጠመን ችግር ራሱ ብትመረምሩት አብዛኛው ሰሌዳ ከሚሰጠው ቢሮ ነው የሚነሳው።

ሀሳቡ ቀላል ነበር። የምንኖረው አለም ገና ነው። ሰኔ መጨረሻ ልጆቹ ትምህርት ሲዘጉ በሰበታ ወጥተን በቱሉ ቦሎ ወሊሶ፣ ከወሊሶ ሽቅብ ወንጪ፣ ከወንጪ ቁልቁል አምቦ፣ ከዛ በሆለታ አድርገን መናገሻ ሱባ ጫካ ጎራ ብለን ቤታችን። ወሊሶም አምቦም ከአዲስ አበባ 115 ኪሎሜትር ገደማ ናቸው፣ በመሀላቸው ወንጪን ይዞ የሚያገናኛቸው መንገድ 60 ምናምን ኪሎሜትር ነው፣ ስለዚ የሄድክበትን ሳትደግም ዞረህ ትገባለህ። ሎጅ ለቤተሰብ የሚጠይቀውን ታውቃላችሁ፣ ድንኳን ደሞ በክረምት ልጅ ይዞ ቅጣት ነው። እና በዲፎርዲ ፒክአፔ የምትጎተት ትንሽ ተሳቢ ቤት ላሰራ አልኩ።

መሰራቷ ምንም አልከበደም። ሰፈራችን ያለ ብየዳ ቤት ሻንሲዋን በቱቦላሬ፣ ግድግዳዋን ከውጪ በላሜራ ከውስጥ በኮምፔንሳቶ አድርጎ፣ ባሌስትራውንና እግሩን ከተፈታች ሚኒባስ ገጥሞ አስረከበኝ። አንድ ነገር ብቻ ሙጭጭ ብዬ ተከራክሬያለሁ፣ ጎማው ልክ መሀል ላይ እንዳይሆን፣ ትንሽ ወደ ኋላ እንዲሄድ። ሸክሙ ወደ ኋላ ካጋደለ ቁልቁለት ላይ ፍጥነት ስትጨምር ጅራቷ መወዛወዝ ትጀምራለች፣ ከጀመረች ደሞ መኪናውንም ይዛ ነው የምትሄደው። ከጠቅላላ ክብደቷ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው ጋንቾው፣ ማለት መኪናው ላይ የምትያያዝበት መንጠቆ ላይ ማረፍ አለበት፣ ይሄን ለማየት የቤት ሚዛን ላይ ምላሷን፣ ከፊት የወጣውን መጎተቻ ብረት፣ አስቀምጦ ማንበብ ይበቃል። የውሃ በርሜልም ከኋላ አታስቀምጡ፣ 100 ሊትር ውሃ 100 ኪሎ ነው። መስኮቶቿን ከአሮጌ ሃይሩፍ የተነቀሉ ተንሸራታች መስታወቶች በግራና በቀኝ አስገባሁላት። በጣም ነበር የሚያምሩት። መስኮቶቹን ያዙልኝ፣ እመለስባቸዋለሁ።

አሁን ወደ ቢሮው። የት እንዳለ አልናገርም፣ ከአዲስ አበባ ዳር ካሉት አንዱ ነው። ግንቦት ላይ ነው የሄድኩት፣ ሰኔ ይደርሳል ብዬ።

የመጀመሪያው መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ወረቀቴን ሳታይ "የከባድ መኪናህ ሊብሬስ?" አለችኝ።

"ከባድ መኪና የለኝም እህቴ፣ የሚጎትታት ፒክአፕ ነው።"

"እንግዲያው ተሳቢ አይደለማ።"

"ምንድናት ታዲያ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ፣ 12 ቁጥር ጠይቅ።"

12 ቁጥር ተቆልፏል። ኃላፊው ስብሰባ ናቸው። ነገ ና። በነገታው ሲስተም የለም። ሲስተም ሲመጣ ደሞ ፎርሙ ላይ "የሞተር ቁጥር" የሚል ቦታ አለ፣ ተሳቢ ሞተር የለውም፣ "የለውም" ብዬ ጻፍኩ፣ የሚመዘግበው ልጅ "ሲስተሙ ባዶ አይቀበልም" ብሎ መለሰልኝ። ታዲያ ምን ልጻፍ? "የሻንሲውን ቁጥር ድገመው።" የሻንሲ ቁጥርም የላትም፣ ብየዳ ቤት የተሰራች ነች። ብየዳው ልጅ በመዶሻና በቁጥር ማህተም መታልኝ፣ "ፋብሪካ ያልመታውን አንቀበልም፣ ከሰራው ድርጅት ደብዳቤ አምጣ" ተባልኩ። ደብዳቤ አመጣሁ። የብየዳ ቤቱ ንግድ ፈቃድ የሚለው "በርና መስኮት ማምረት" ነው! ተሳቢ የመስራት ፈቃድ የለውም። ስለዚ ፈቃድ ያለው ሌላ ወርክሾፕ ፈልጌ፣ ባለሙያው እያንዳንዱን ብየዳ በመዶሻ እየመታ አይቶ ፈረመልኝ፣ ለዛች ፊርማ የከፈልኩት ለሁለቱ ጎማዎች ከከፈልኩት ይበልጣል። ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ አልቆጠርኩም፣ በር ላይ ያለው ጥበቃ ግን መጨረሻ ላይ ሳይፈትሸኝ ነበር የሚያስገባኝ።

ከዛ ቴክኒክ ምርመራ። ዝናብ እየዘነበ ነው፣ ቢጫ የዝናብ ልብስ የለበሱ ትልቅ ሰው መጡ፣ ዞር ዞር ብለው አይዋትና "ስንት ኩንታል ትጭናለች?" አሉኝ።

"ሰው ነው የሚተኛባት ጋሼ።"

"ሰው ከጫነች የሕዝብ ማመላለሻ ነች። ወንበሯ የታለ? ቀበቶዋስ?"

"እየሄደች ሰው አይገባባትም፣ ስትቆም ነው።"

"ስትቆም ቤት ነቻ! ቤት ደሞ እኛ ጋ አይመዘገብም።"

አሁን ሳስበው ያስቀኛል፣ ያኔ ግን ደሜ ፈልቶ ነበር። አውሮፓ ውስጥ እስከ 750 ኪሎ የሆነ ቀላል ተሳቢ የራሱ ፍሬን እንኳን አይጠየቅበትም የሚል ወረቀት ፕሪንት አድርጌ ይዤ ነበር፣ አሳየኋቸው፣ መነጽራቸውን አውጥተው በጥሞና አነበቡት፣ አጥፈው መለሱልኝና "ጥሩ ነው፣ እዛ ወስደህ አስመዝግባት" አሉኝ።

አንድ ነገር ልመስክር፣ ከዛ ቢሮ ማንም ገንዘብ አልጠየቀኝም። ቢጠይቁኝ ኖሮ ነገሩ ይገባኝ ነበር። ችግሩ ከኔ በፊት እንዲህ አይነት ነገር ይዞ የመጣ ሰው ባለመኖሩ የመጀመሪያው ፈራሚ መሆን የሚፈልግ ጠፋ። ፋይሌ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ የሚዞረው ሰው ሊያንገላታኝ ፈልጎ አደለም፣ ነገ ጥያቄ ቢመጣ "ማን ፈረመ?" እንዳይባል ነው። ይሄን ቀድሜ ባውቅ ክርክሩን ትቼ ለመፈረም የማያስፈራ ወረቀት ይዤ እቀርብ ነበር።

መጨረሻ ላይ መፍትሄ ያመጡት እኚሁ ባለ ቢጫ ልብስ ናቸው። "መስኮቶቹን ድፈናቸው፣ የዕቃ መጫኛ ተሳቢ ብለን እንመዝግባት።" በዛው ቀን ብየዳ ቤት ተመልሼ ሁለቱንም መስታወት አስነቅዬ በላሜራ አስደፈንኩ። ሰሌዳው እጄ የገባው ነሐሴ ሊገባ ሲል ነው። ሰኔ ላይ ሊሆን የነበረው ጉዞ የክረምቱ አናት ላይ አረፈ፣ ያውም መስኮት በሌላት ላሜራ ሳጥን።

መንገዱን ላሳጥረው። ከቱሉ ቦሎ ወዲህም ወዲያም በቾ ሜዳ ነው፣ መረሬ አፈር፣ ጤፍና ሽምብራ ሲያበቅል የሚወደድ፣ ክረምት ላይ ግን ውሃ ጠጥቶ ያብጥና ጎማ ላይ ተለጥፎ አይለቅም። ለሽንትም ቢሆን ከአስፋልት ተሳቢ ይዛችሁ አትውጡ። ከወሊሶ ወደ ወንጪ ከ2,000 ሜትር ገደማ ተነስታችሁ ከ3,000 በላይ ነው የምትወጡት፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ወደ 10 በመቶ የሚሆን ጉልበት ያጣል፣ ስለዚ በቪታራ ምናምን ለመጎተት የምታስቡ ሸክሙን በደንብ ቀንሱ። ሁለተኛ ማርሽ፣ ትዕግስት፣ ከኋላ የሚያጨናንቅህን ሚኒባስ ዳር ይዘህ አሳልፈው። በቃ።

ወንጪ የደረስነው 10 ሰዓት ላይ ነው፣ ጉም ሀይቁን ሸፍኖት ምንም አይታይም። በፈረንጆቹ 2021 የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ብሎ የመረጣት ቦታ ነች፣ ልጆቼ ያዩት ግን ነጭ ጭስ ነው። አንድ አባት ከእንሰቱ ጓሮ አጠገብ ደልደል ያለ ሳር ላይ እንድናቆም ፈቀዱልን። "ሜዳው ላይ አቁም፣ ይመቻል" ያሉኝ ሌሎች ነበሩ፣ እሳቸው ግን "እዛ ሌሊት ውሃ ይተኛበታል ልጄ" አሉኝና ትንሽ ተዳፋት ወዳለበት ወሰዱኝ፣ የመኪናውን አፍንጫ ወደ መውጫው አዙረን፣ በዶማ ዙሪያውን ቦይ ቀደድን። ክፍያውን ሳይመሽ ተነጋገሩ፣ ጠዋት ላይ መከራከር ለሁሉም ያስጠላል።

ሌሊቱ ነው እንግዲህ። በር ዘግተን ተኛን፣ ብርዱ የጉድ ነው። ስምንት ሰዓት አካባቢ ትንሹ ልጄ "አባዬ ጣራው እያፈሰሰ ነው" ብሎ ቀሰቀሰኝ። ባትሪ አብርቼ ሳይ ጣራው አላፈሰሰም፣ የገዛ ትንፋሻችን ነው። መውጫ ያጣ እርጥበት ቀዝቃዛው ላሜራ ላይ ሄዶ ውሃ ይሆናል፣ ጠብታው በተደፈነው መስኮት ጠርዝ እየተሰበሰበ፣ በተራ እየወረደ፣ ልክ የልጁ ትራስ ላይ። ልጄ ጠብታውን በጣቱ እየነካ "የመስኮቱ እንባ" ይለዋል፣ እኔ የማስበው ባለ ቢጫ ልብሱን ሰውዬ ነው። ጠዋት ፍራሹ ሲጨመቅ ውሃ ይወጣዋል።

እዚህ ጋ ቀልድ የለም፦ ሚስቴ ብርዱን ስታይ ማታ ምድጃውን እናስገባው ብላ ነበር። በሩ እንደተዘጋ ከሰል ቢገባ ኖሮ ይሄን የምጽፍላችሁ አልነበርኩም። የከሰል መርዝ ሽታ የለውም፣ እንቅልፍ ላይ እያለህ ነው የሚወስድህ። መስኮት ኖረም አልኖረም ከሰል ተሳቢ ውስጥ አይገባም፣ "በር ገርበብ አድርገን" የሚባል ነገርም አትስሙ። ጋቢ፣ ሌላ ጋቢ፣ ጀሪካን ውስጥ ሙቅ ውሃ በጨርቅ ጠቅልሎ እግር ስር።

ጠዋት ጉሙ ተከፈተ። ፍልሰታ ስለነበረ ነጠላ የለበሱ ሰዎች በጀልባ ወደ ደሴቱ ቂርቆስ ገዳም ይሻገሩ ነበር፣ ሚስቴም አብራቸው ሄደች፣ እኔና ልጆቹ ፈረስ ተከራይተን ቁልቁል ወደ ፍል ውሃው። ለዛ ጠዋት ስል ያን ቢሮ ይቅር ልለው ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። ምግብ ላይ ጾሙ አገዘን፣ ሽሮ ቶሎ ይደርሳል። እዛ ከፍታ ላይ ውሃ በ90 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ምስርና ክክ ያለ ፕሬዠር አትሞክሩ፣ ቡታጋዛችሁን ነው የምትጨርሱት።

"ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት" የሚለውን አምኜ ቀሪው ይቀላል ብዬ ነበር፣ ከቡሄ ማግስት እስከ አምቦ ቁልቁለቱን በሙሉ በረዶ እየወቀጠን ወረድን። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ይዛችሁ አትቆዩ፣ የወጣችሁበት ማርሽ ውስጥ ሆናችሁ ሞተሩ ይያዛት፣ ፍሬን አልፎ አልፎ ነካ ነካ። አምቦ ሳንገባ ትራፊክ አስቆመኝ።

"ምን ጭነሃል?"

"ፍራሽ።"

ሊብሬውን አየ፣ ዕቃ መጫኛ ይላል። በሩን ከፈተ፣ ትራስ፣ የልጅ ቦቲ፣ የተሰቀለ እርጥብ ጋቢ። ጭንቅላቱን አስገብቶ አሸተተና "ታድሩባታላችሁ አደል?" አለኝ። ዝም አልኩ። "መስኮት ብታወጣላት ጥሩ ነበር፣ ትታፈናላችሁ" ብሎ ለቀቀኝ።

አምቦ አንድ አናጺ ከላይና ከታች በድሪል ቀዳዳ አበጀልን፣ እርጥበቱ በግማሽ ቀነሰ። መናገሻ ሱባ ደረስን፣ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከወፍ ዋሻ ዘር አስመጥቶ አስተክሎታል የሚባለው የጽድ ጫካ፣ ጉሬዛዎቹ ጠዋት ጣራችን ላይ ሲዘሉ ቆዩ፣ ልጆቹ ከወንጪ በላይ የሚያወሩት ይሄን ነው። ወደ ጫካው የሚያስገባው መንገድ ግን በዝናብ ያንሸራትታል፣ አራቱም ጎማው የሚጎትት መኪና ከሌላችሁ በበጋ ሂዱ።

ለማሰራት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ቢሮው "ሰርተህ ጨርሰህ አምጣ" ነው የሚላችሁ። አትስሙ። ብር ከማፍሰሳችሁ በፊት ንድፉን በወረቀት ይዛችሁ ሂዱና በምን ስም እንደሚመዘግቧት በጽሑፍ አስወስኑ፣ በቃል የተባለ ነገር ሰውዬው ሲቀየር ይቀየራል። የብየዳ ቤቱን ንግድ ፈቃድ ቀብድ ሳትከፍሉ አንብቡት። ከሁሉም ነገር ኮፒ ያዙ፣ የኮፒውንም ኮፒ። ሰኞ አትሂዱ።

የኔዎቹን መስኮቶች መልሼ አስከፍቻቸዋለሁ። ብየዳው ልጅ ለሁለቱም በቡሎን የምትታሰር የላሜራ ክዳን ሰርቶልኛል፣ የቦሎ ጊዜ ሲደርስ ለመግጠም ሩብ ሰዓት አይፈጅም።