ያልሆንኳት ሴት ዕቃዎች

ዛሬ እንዲሁ ሆድ ብሶኝ ተነሳሁ። ማንም ክፉ አልተናገረኝም፣ የተበላሸ ነገርም የለም። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ እጄ ሥራ ካልያዘ ሐሳቡ እየባሰ ይሄዳል። ስለዚህ ቁምሳጥኑን ከፍቼ ማራገፍ ጀመርኩ።

መጀመሪያ ላይ ቀላል ነበር። የማይለበስ ልብስ፣ የየትኛው ስልክ እንደነበረ የማላውቀው ቻርጀር፣ ክዳኑ የጠፋ ዕቃ። የሚሰጠው ወደ አንድ ከረጢት፣ የሚጣለው ወደ ሌላው። እንዲህ ያለው ነገር ከቤት ሲወጣ ልብ አይነካም። እንዲያውም ደስ ይላል።

ከዚያ ታች ያለው ካርቶን ላይ ደረስኩ።

ከፍቅረኛዬ ጋር ከተለያየን በኋላ ሥዕል እማራለሁ ብዬ የገዛሁት ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። ወፍራም ወረቀት፣ አክሪሊክ የሚባለው ቀለም፣ የውሃ ቀለም፣ አብዛኛው ውሃ ነክቶት የማያውቅ ብሩሽ። አክሪሊኩ እቱቦው ውስጥ ድንጋይ ሆኗል። አክሪሊክ አንዴ ከደረቀ አለቀ፣ ውሃ ቢጨመርበትም አይመለስም። የውሃ ቀለሙ ግን ደህና ነው። እሱ ቢደርቅም እርጥበት ሲያገኝ ይነሳል። ጣቴን አርጥቤ ሰማያዊውን ነካ አደረግኩት። ወዲያው ለቀቀ።

እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። የጀመርኩትን ሥራ ረሳሁት።

ቤቴ ውስጥ ካለው ዕቃ ምን ያህሉ ነው በእውነት የእኔ? ዛሬ እየኖርኩ ያለሁት እኔ የምጠቀምበት የቱ ነው? እሆናለሁ ብዬ ላሰብኳት ሴት የተገዛውስ? ያቺ ሴት ትስላለች። በማለዳ ተነስታ ትሮጣለች፤ የሩጫ ጫማዋ አልጋው ሥር አለ። አዲስ ቋንቋ ትማራለች፤ መጽሐፉ ከነመዝገበ ቃላቱ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። እንግዳ መጥራት ትወዳለች፤ ለዚያ የሚሆን ብዙ ሳህን አላት። እሷ አልመጣችም። እኔ ዕቃዋን እጠብቃለሁ፣ አቧራውን እጠርጋለሁ፣ ቤት ስቀይር ተሸክሜው እሄዳለሁ።

ዕቃ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ይመስለናል። እኔን ግን ቁምሳጥኑን በከፈትኩ ቁጥር ያ ካርቶን «መቼ ነው?» ይለኛል። ጫማውም እንደዚያው። ዳርቢ ሳክስቢና ሬና ሬፔቲ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙትን ጥናት ካነበብኩ ወዲህ፣ ይህ የእኔ ብቻ ጣጣ እንዳልሆነ ገብቶኛል። ባለትዳሮች ቤታቸውን እየዞሩ እንዲያሳዩ አደረጉና የተናገሩትን ቃል መረመሩ። ስለ ቤታቸው ሲያወሩ ዝርክርክነትንና ያላለቀ ሥራን ደጋግመው ያነሱ ሴቶች፣ የጭንቀት ሆርሞን የሚባለው ኮርቲሶል ቀኑ ሲመሽ እንደሌሎቹ አልወረደላቸውም።

እኔን የያዘኝ ያላለቀ ሥራ የሚለው ነው። ዝርክርኩ ለዓይን ይታያል፣ ይነሳል። ያልተጀመረ ሥራ ግን ተጣጥፎና ተደርድሮም ያደክማል። ሣጥንና መደርደሪያ እየገዙ ማደራጀት ብዙም የማያሳርፈኝ ለዚህ ይመስለኛል። ካርቶኑን ብሰይመው፣ ብሸፍነው፣ ጥያቄው እዚያው ውስጥ ነው።

እህቴ «ስጪውና ተገላገይ» ትላለች። እሷ እንዲህ ናት፣ እጇ ላይ ምንም አይቆይም። እኔ ግን እጄ የገባ ነገር ቶሎ አይወጣልኝም፤ ብዙ ሰውም እንደ እኔ ነው። ዳንኤል ካነማን፣ ጃክ ክኔችና ሪቻርድ ቴለር እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት ለአንዳንድ ተማሪዎች ኩባያ ሰጥተው «በስንት ትሸጡታላችሁ?» አሏቸው። ላልደረሳቸው ደግሞ «በስንት ትገዙታላችሁ?» አሉ። ሻጮቹ የጠየቁት፣ ገዢዎቹ እንከፍላለን ካሉት እጥፍ ያህል ነበር። ኩባያው እጃቸው ከገባ ገና ብዙም አልቆየም ነበር። እንግዲህ ዓመታት አብሮን የከረመ ነገር እንዴት ይቅለለን?

ትዝታ ያለበት ዕቃ መላ አለው። የአባዬን ኮት ፎቶ አንስቼ ነው የሰጠሁት። አሁንም ፎቶውን ሳየው ትከሻው ላይ የነበረው አጣጣሉ ትዝ ይለኛል፤ ኮቱ ደግሞ የሚበርደውን ሰው እያሞቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናትም፣ ተማሪዎች ትዝታ ያለባቸውን ዕቃዎች ፎቶ እንዲያነሱ ሲበረታቱ የበለጠ እንደለገሱ አሳይቷል። ይህን ለሰው ሁሉ እመክራለሁ። ያልተሳለ ሥዕል ግን ምኑ ፎቶ ይነሳል?

ከካርቶኑ ጋር ትዝታ የለኝም። ያለኝ ተስፋ ነው። ስለ ቀላል ኑሮ የሚመክሩን ሰዎች ይህን ቶሎ ያልፉታል። የማትጠቀሚበትን አውጪ፣ ቤትሽ ይከፈታል፣ ደስ ይልሻል ይላሉ። እውነት ነው፣ ደስ ይላል። ከደስታው በፊት ግን ኀዘን አለ፤ ለዚያ ኀዘን ጊዜ የሚሰጠው የለም። ዛሬ የሩጫ ጫማውን ከረጢቱ ውስጥ ከተትኩ። ጉልበቴ ከተጎዳ በኋላ እንደማልሮጥ አውቃለሁ። ጥቂት አለቀስኩ። ከዚያ ቀለል አለኝ። በእግሬ ረጅም መንገድ መሄድ እወዳለሁ፤ ለዚያ የምሄድበት ጫማ በር ላይ አለ።

ሳህኖቹን ጓደኛዬ ሰ. ትወስዳቸዋለች። የእሷ ቤት ሰው አይጠፋበትም። እኔ የምወደው ከአንድ ሰው ጋር ተቀምጦ እስኪመሽ ማውራት ነው፤ ለሁለት ሰው የሚሆን ሳህን አለኝ። ይህን ስወስን ምንም አልከፋኝም። እንዲያውም ራሴን ትንሽ ያወቅኩት መሰለኝ። የቋንቋው መጽሐፍ ይቆያል። ሰሞኑን እየገለጥኩት ነው።

የውሃ ቀለሙ ነው ያስቸገረኝ። የጎረቤቴ ልጅ ያገኘችው ወረቀት ላይ ሁሉ ትስላለች። ብሰጣት ዛሬውኑ ትጀምራለች። ከረጢቱ ውስጥ አስገባሁት፣ መልሼ አወጣሁት። ሥዕል ሳስብ ሁልጊዜ የሚታየኝ ያለቀው ሥዕል ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሰው ሲያደንቀው ነው። ጎንበስ ብዬ ቀለም ስቀላቅል፣ አበላሽቼ እንደገና ስጀምር፣ ራሴን አይቼው አላውቅም። ዛሬ ግን ቀለሙ ጣቴ ላይ ሲለቅ የሆነ ነገር ደስ አለኝ።

መሳል ነው የምፈልገው ወይስ ሠዓሊ መባል? መልሱን ሳላውቅ እንዴት ልስጥ? እስካውቀውስ ድረስ፣ ዛሬ መሳል የምትፈልገው ልጅ ለምን ትጠብቀኝ?